ዕቃ ላይ የተተከለ ተክል ውሃ እንዴት ይጠጣል? ከበዛበትስ እንዴት ይድናል?

ደሴ ላይ በረንዳ ወይም ደጅ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አያጣም፦ የቀለም ባልዲ ላይ ወይም አፉ ተቆርጦ በተጣለ ጄሪካን ላይ የበቀለ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ወይም አንድ ሁለት እግር ቃሪያ። ተክሉ ሲጠወልግ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ አዋቂ ነው። «ኧረ ጠምቶት ነው፣ ጨምሪለት!» ይባላል። ይጨመርለታል። በሳምንቱ ይሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ አየርም ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይገባል፣ ሥሩም ከዚያ ይተነፍሳል። ቀዳዳዎቹ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞሉ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ጎረቤትን የሚያሳስተው ይሄ ነው፤ የጠማውም የታፈነውም ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ልዩነቱን የሚነግራችሁ አፈሩ ነው። ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አስገቡት። ደርቆ ብናኝ ከሆነ፣ ቅጠሉም ጫፉ ደርቆ ሲነካ ከተንኮሻኮሸ፣ በቃ ጠምቶታል፣ አጠጡት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከለዘዘ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ፣ ዕቃውን ስትጠጉት ረግረግ ረግረግ ከሸተተ፣ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችም አፈሩ ላይ የሚያንዣብቡ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። እንዲህ ከሆነ አንዲት ጣሳ እንኳ አትጨምሩ።

አሁን ከመጀመሪያው እንሂድ። ዕቃው ከታች ቀዳዳ አለው? ከሌለው የቀረውን ምክር ሁሉ ተዉት። ምስማር አግሉና የባልዲውን ቂጥ አራት አምስት ቦታ ብሱት። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደረድራል፣ ውሃ ያሳልፋል ብሎ። አያሳልፍም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ማድረግ ነው። አፈር በቀዳዳው እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ አንድ ቁራጭ የወንፊት ጨርቅ ይበቃል።

አፈሩ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። የኛ አካባቢ ጥቁር አፈር እርሻ ላይ ጎበዝ ነው። ባልዲ ውስጥ ግን ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ለብቻው አትጠቀሙት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቀላቅሉ። ለጥብስ ቅጠል፣ ለጤና አዳምና ለእሬት አሸዋውን ጨመር አድርጉ፤ እነሱ እርጥብ እግር አይወዱም። በሶብላና ቃሪያ ትንሽ እርጥበት ይችላሉ።

መቼ ይጠጣ ለሚለው ጥያቄ «በየሁለት ቀኑ» የሚል መልስ አትጠብቁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ። አንድ ዓይነት ባልዲ፣ አንድ ዓይነት ቃሪያ ይዛችሁ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ታች ብታስቀምጡ የኮምቦልቻው በግንቦት ሙቀት ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፣ የደሴው ገና ከትናንት ወዲያ የጠጣውን አልጨረሰም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ሲውል ደግሞ ደሴ ውስጥ አፈሩ ካልደረቀ በቀር ማጠጣቱን እርሱት፣ ይልቅ ዕቃውን ወደ ጣሪያው ክዳን ሥር አስጠጉት፣ ዝናቡ ራሱ ይገድለዋልና።

ስለዚህ ቀን ከመቁጠር መለካት ይሻላል። ጣት አንዱ መለኪያ ነው። ሁለተኛውና እኔ ይበልጥ የማምነው ማንሳት ነው። ልክ ካጠጣችሁ በኋላ ዕቃውን አንሱና ክብደቱን ልብ በሉት። ከቀናት በኋላ ደግማችሁ አንሱት። ቀሎ በእጃችሁ ከመጣ ጊዜው ደርሷል፣ ከከበደ ቦታው መልሱት። ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ጣት ማስገባትም አያስፈልጋችሁም።

ስታጠጡ ጠዋት አጠጡ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ደሴ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ማታ ረጥቦ የሚያድር አፈር ሥሩን ያቀዘቅዘዋል። ከባልዲ በአንድ ጊዜ አትድፉበት። በጣሳ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ዙሪያውን፣ ከታች በቀዳዳው ውሃ እስኪንጠባጠብ ድረስ። ከዚያ ተዉት እስኪቀል። ጠብ ጠብ አድርጎ በየቀኑ ማጠጣት ላዩን ብቻ ያረጥባል፣ የታችኛው ሥር ደረቅ ይቀራል፣ እናንተ ግን ያጠጣችሁ ይመስላችኋል። ከሥሩ ሳህን ካስቀመጣችሁለት ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ድፉት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቧንቧው ሲመጣ በርሜሉ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ የተረፈው ሁሉ ተክሉ ላይ ይደፋል፤ «ነገ ላይመጣ ይችላል» ተብሎ። ቃሪያ ግመል አይደለም፣ ለሳምንት ጠጥቶ አያስቀምጥም። ትርፉን በጄሪካን ያዙለትና ዕቃው ሲቀል ስጡት።

አፈሩ በጣም ደርቆ ከዕቃው ጠርዝ ከተላቀቀ ደግሞ ከላይ ብታፈሱ ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል፣ መሃሉን አይነካውም። ያኔ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ ዕቃውን አስቀምጡበት። ከታች ይስባል። ላዩ ሲረጥብ አውጡት።

እሺ፣ ውሃው በዝቶ አልፏል እንበል። ጉዳቱ ገና ከሆነ፣ ማለትም ቅጠሉ ለዘዘ እንጂ ግንዱ ጠንካራ ከሆነ፣ ማጠጣት አቁሙ፣ ሳህኑን አንሱ፣ ዕቃውን ሁለት ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ከታች አየር ይግባው። ለጥቂት ሰዓት ዘንበል አድርጋችሁ አስደግፉት፣ የተጠራቀመው በአንድ በኩል ይወርዳል። አፈሩን በቀጭን እንጨት እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ሥሩን ሳትቆራርጡ። ብርሃን ያለው ጥላ ቦታ አስቀምጡት። የቀትር ፀሐይ ላይ «ይድረቅ» ብላችሁ አታውጡት፤ ሥሩ ውሃ ማቅረብ አቅቶታል፣ ፀሐዩ ከቅጠሉ ደግሞ ያስወጣበታል።

አፈሩ ከሸተተ ወይም ግንዱ ከሥር ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን መገልበጥ አለባችሁ። ዕቃውን ገልብጣችሁ ተክሉን ከነአፈሩ አውጡ፣ ጭቃውን በእጃችሁ አራግፉ፣ ሥሩን ተመልከቱ። ደህናው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡኒ ወይም ጥቁር፣ ሲጎትቱት ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ ውስጡ ክር የሚቀር። ምላጩን በእሳት ወይም በአልኮል አጽድታችሁ የበሰበሰውን ሁሉ ደህናው እስኪመጣ ቁረጡ። አትራሩ። የቆረጣችሁትን ያህል ከላይ ቅጠልም ቀንሱ፣ የቀረው ትንሽ ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል አያጠጣም። ከዚያ በአዲስ ድብልቅ አፈር፣ ለቀረው ሥር በሚመጥን ዕቃ ትከሉት። ትልቅ ዕቃ ውስጥ ብትከቱት ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ተመልሳችሁ እዚያው።

ፍግም ማዳበሪያም አሁን አትስጡት። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቁ። ያረጁት ቢጫ ቅጠሎች አረንጓዴ አይሆኑም፣ እነሱን አትዩ፣ ጫፉን እዩ።

የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ከሆነ ደግሞ መዳኑን ሳትጠብቁ ደህና ከሆነው ጫፍ ጣት የሚያህል ቁረጡና የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ። እናቱ ባትተርፍ ልጅ ይኖራችኋል። የበሰበሰበትን አፈር ወደ ሌላ ባልዲ አትመልሱት፣ ከደጅ ርቆ ይደፋ። ባልዲውንም በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ገልብጡት።