ኮርቲሶል ዝቅ ብሏል ከተባላችሁ፦ ደሴ መጥታችሁ በትክክል ለመመርመርና ሳትጎዱ ለመታከም

ኮርቲሶል ዝቅ ብሏል የሚል የላብራቶሪ ወረቀት የያዘ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ምን መድሀኒት ሲወስድ እንደነበረ ነው። ኮርቲሶል ሰውነት ህመምን እንዲቋቋም፣ ግፊትና ስኳር እንዳይወርድ የሚረዳ ሆርሞን ነው፣ የሚያመርቱት ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ እጢዎች ናቸው፣ ሰው ፕሬድኒሶሎን ወይ ደክሳ (ዴክሳሜታሶን) የሚባሉትን፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሰሩ የስቴሮይድ ኪኒኖች ለሳምንታት ሲውጥ እጢዎቹ ስራ ይፈታሉ፣ ከዛ ኪኒኑን በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ባዶውን ይቀራል። ደክሳን ደግሞ ብዙ ሰው መድሀኒት ብሎ አይቆጥረውም፣ ለቁርጥማት ለአስም ለማወፈር ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ነገር ነው፣ ሀኪሙ መድሀኒት ትወስዳለህ ወይ ሲል አይ ይባላል። ፊት የሚያጠራ ተብሎ የሚሸጠው ቅባትም ውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖረው ይችላል፣ ለአስም የሚነፋውም እንደዛው። ስለዚህ ቤት ያለውን ማሸጊያ፣ ቱቦ፣ ባዶ ካርቶን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አሁንም እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ለምርመራ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ የሚያቆምበትን ሰዓት የሚነግራችሁ ሀኪሙ ነው።

ምልክቶቹ ግራ ያጋባሉ፣ ድካም፣ ምግብ መጥላት፣ መክሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብድግ ሲሉ ዓይን ጭልም ማለት። እነዚህን ጨጓራ ነው፣ ደም ማነስ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ችግሩ ከእጢዎቹ ከራሳቸው ከሆነ ጨው ጨው ያሰኛል፣ ቆዳም ይጠቁራል። እዚህ ላይ ለኛ አካባቢ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ፣ የህክምና መፅሀፉ ድዱን እዩ ይላል፣ የኛ እናቶች ግን ድዳቸውን ተነቅሰው ስለሆነ ከዛ ምንም አይታወቅም፣ ባይሆን የመዳፋቸውን መስመር፣ የጣታቸውን መገጣጠሚያ፣ የድሮ ጠባሳቸውን እዩ፣ እነዛ ከሌላው ቆዳ ተለይተው ከጠቆሩ ለሀኪሙ አሳዩት። ከዚህ በፊት ቲቢ ታሞ የነበረ ሰውም ይናገር፣ ቲቢ እጢዎቹን ሊያበላሽ ይችላል። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከዛ በኋላ ጡቷ ወተት እምቢ ያላት፣ ወር አበባዋ ያልተመለሰ ሴትም ይህን ሳትደብቅ ትናገር፣ ችግሩ ከአንጎል ስር ካለው፣ አድሬናሎቹን ከሚያዘው ፒቱታሪ ከሚባለው እጢ ሊሆን ስለሚችል።

አሁን ወደ ደሙ። ኮርቲሶል ቀኑን ሙሉ አንድ አይነት አይደለም፣ ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ይወርዳል፣ ስለዚህ ደም የሚሰጠው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ነው። ከወገልጤና ወይ ከአጅባር ተነስቶ ደሴ ሲደርስ ቀትር ያለፈበት ሰው እዛው 8 ሰዓት ላይ ደም ቢሰጥ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ በሽታ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ፣ አልጋ ቢያስከፍልም ምርመራውን ሁለቴ ከመክፈል ይሻላል። ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ቀን የሚተኛ ሰው ደግሞ ይህንኑ ይንገራቸው፣ ጠዋቱ ለሱ ጠዋት አይደለም። ላብራቶሪውንም እዚሁ ነው የምትሰሩት ወይስ ወደ አዲስ አበባ ትልኩታላችሁ፣ ውጤቱስ መቼ ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ኤስትሮጅን ያለበት ከሆነ ቁጥሩን በሀሰት ከፍ ያደርገዋል፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲንም አንዳንዱን ማሽን ያሳስታል፣ ሁለቱንም ተናገሩ።

ቁጥሩን ስታነቡ መለኪያውን እዩ። አንዱ ላብራቶሪ በማይክሮግራም በዴሲሊትር ሌላው በናኖሞል በሊትር ይፅፋል፣ 10 ማይክሮግራም ማለት 276 ናኖሞል ነው፣ ሁለት ወረቀት አስተያይቶ ወረደ ጨመረ ብሎ መደንገጥ ከዚህ ይመጣል። በማይክሮግራሙ የጠዋቱ ከ3 በታች ከሆነ እጥረት መኖሩ በጣም ያጠራጥራል፣ ከ15 እስከ 18 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አብሽሩ። መሀል ላይ ያለው ነው አስቸጋሪው፣ እሱ በአንድ ደም አይፈረድበትም፣ ሲናክተን የሚባል መርፌ 250 ማይክሮግራም ተሰጥቶ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶሉ መነሳት አለመነሳቱ ይታያል። ይሄ ሁሉ ቦታ ላይገኝ ይችላል፣ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሀኪም ካያችሁ በኋላ ሪፈር ካሏችሁ ጥቁር አንበሳ ለመሄድ አትሰልቹ። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ስኳርና ኤሲቲኤች (ፒቱታሪ አድሬናሎቹን የሚያዝበት ሆርሞን) አብረው ቢታዩ ችግሩ ከየት እንደሆነ ይለያል። ቲክቶክ ላይ አድሬናል ፋቲግ፣ ማለትም እጢያችሁ ደክሟል እያሉ በምራቅ ምርመራና በእንክብል ገንዘብ የሚሰበስቡት ግን በህክምና የታወቀ በሽታ ይዘው አይደለም፣ ገንዘባችሁን ለደም ምርመራው አስቀምጡት።

ህክምናው የጎደለውን መተካት ነው። ሀይድሮኮርቲሶን በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ለሁለት ወይ ለሶስት ተከፍሎ፣ ትልቁ እንደነቃችሁ ይወሰዳል። እሱ ካልተገኘ ሀኪሙ ፕሬድኒሶሎን ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም በቀን አንዴ ሊያደርገው ይችላል፣ መጠኑ ግን የሱ ስራ ነው፣ የጎረቤትን መጠን መዋጥ የለም። እጢው ራሱ የተበላሸበት ሰው ጨው በሰውነት እንዲቆይ የሚያደርግ ፍሉድሮኮርቲሶን የሚባል ኪኒንም ይጨመርለታል። የቲቢ መድሀኒት የጀመረ ሰው፣ ውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ኮርቲሶሉን ቶሎ ስለሚያቃጥለው የሀይድሮኮርቲሶኑ መጠን ከፍ ሊል ይገባል፣ የታይሮይድ ኪኒንም ኮርቲሶሉ ሳይስተካከል ቀድሞ ከተጀመረ አደጋ አለው፣ ይህን መድሀኒት የሚሰጧችሁና ኮርቲሶሉን የሚያክሙት ክሊኒኮች እንዲነጋገሩ አድርጉ። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ውጡ።

ይሄን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ትኩሳት ሲመጣ፣ ወባም ይሁን ሌላ፣ የዕለቱ መጠን ሁለት ወይ ሶስት እጥፍ ይደረጋል፣ ይህን ሀኪሙ ቀድሞ በወረቀት ይፃፍላችሁ። ካስመለሰውና ኪኒኑ ካልተቀመጠለት፣ ከተዝለፈለፈ፣ ከቀባዠረ በቃ ቤት መቆየት የለም፣ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል። እዛም ሀይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በመርፌና ሳላይን ወዲያው ያስፈልገዋል፣ የደም ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። በሽተኛው መታወቂያው ጀርባ ላይ «የኮርቲሶል እጥረት አለብኝ፣ ሀይድሮኮርቲሶን መርፌ ያስፈልገኛል» የሚል ካርድ ይለጥፍ።

ፆም ሲደርስ፣ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ ከሀኪሙ ሳትነጋገሩ እንዳትጀምሩ። ሀይድሮኮርቲሶን በቀን ሶስቴ የሚውጥ ሰው ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ያለ ውሀና ያለ ኪኒን ሲውል ግፊቱም ስኳሩም ሊወርድበት ይችላል። ለታመመ ሰው ሸይኹም ቄሱም ፈቃዱን አይከለክሉም፣ ሀኪሙ ያላችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው፣ ፆሙ መሀል ራስ ከዞረም ውሀውንና ኪኒኑን እዛው ውሰዱ።