የትል ኪኒን ተውጦ ትሉ ካልጠፋ፦ ምክንያትና መፍትሄ

«የትል መድኃኒት» ብሎ ፋርማሲ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አንዴ የሚዋጥ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም ነው። ይህ ለወስፋት በቂ ነው፤ ለሁሉም ትል ግን አይሆንም። ምልክቱ ከተመለሰ ያንኑ ኪኒን ከመድገም በፊት ሰገራ ይመርመሩ።

ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ በሰገራ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ከታየ፦ የኮሶ ትል ነው። የሚይዘው ከጥሬ ሥጋ ስለሆነ ቁርጥና ጥሬ ክትፎ በሚወደድበት አገራችን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንድ አልቤንዳዞል ለዚህ አያስተማምንም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 600 ሚሊግራም አንድ ኪኒን ይበቃል። የሚጥል በሽታ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይውሰድ፤ ከአሳማ የኮሶ ትል የመጣ እጭ አንጎል ውስጥ ካለ መድኃኒቱ መንፈራገጥ ሊያስነሳ ይችላል።

ቁራጩ መውጣት አቆመ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። አንጀት ላይ የተጣበቀው ጭንቅላት ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል፣ ቁራጭ እስኪጥልም ከ2 እስከ 3 ወር ይወስድበታል። በ1ኛውና በ3ኛው ወር በድጋሚ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኮሶ አበባ መጠጣትን አንመክርም፤ መጠኑን መለካት አይቻልም፣ ሲበዛም ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ሕፃኑ ሌሊት መቀመጫውን ካከከ፦ ክር የመሰለ ትንሽ ትል ነው። አልቤንዳዞል ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ውጦ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደግማል። አንሶላና የውስጥ ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ጥፍር ይቆረጥ።

ምርመራው የጅራፍ ትል ካሳየ፦ አንድ ኪኒን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ አልቤንዳዞል በቀን 400 ሚሊግራም ለ3 ቀን ይወሰዳል።

ድካምና የፊት መገርጣት ካልለቀቀ፦ መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል። ትሉ ቢወጣም ደሙ ወዲያው አይተካም፤ ሄሞግሎቢን ተለክቶ አይረን ይጨመር።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የሚወስደው አልቤንዳዞል 200 ሚሊግራም ነው፤ እንዳያንቀው ደቅቆ በውሃ ይሰጠው። ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አትውሰድ።

ሆዱ የተነፋ፣ ትል የሚያስመልስ፣ ሰገራም አየርም የማይወጣው ልጅ አንጀቱ በወስፋት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኪኒን ሳይሰጡ አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።