የስፔን ዜግነት ለማመልከት፦ ዓመቱ ብቻ አይበቃም

ስፔን የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ጨዋታቸው ይሄ ነው፦ «አንተስ፣ ስንት ዓመት ሞላህ?» ለዜግነት ማለታቸው ነው። ዓመቱ መሙላት አለበት፣ እውነት ነው። ሰውን የሚያመላልሰው ግን ወረቀቱ ነው። ስም ከስም አይገጥምም፣ ቀን ከቀን ይጣላል፣ አንዱ እስኪመጣ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል።

ዓመቱን በትክክል ቁጠሩ

መደበኛው 10 ዓመት ነው። የስደተኝነት እውቅና ያገኘ ሰው በ5 ዓመት ያመለክታል። የስፔን ዜጋ ያገባ በ1 ዓመት፣ ትዳሩም አንድ ዓመት ከሞላውና ካልተለያዩ። ስፔን ውስጥ የተወለደም 1 ዓመት ይበቃዋል። የላቲን አሜሪካ፣ የፊሊፒንስ፣ የፖርቱጋልና የአንዶራ ሰዎች 2 ዓመት ነው የሚጠበቅባቸው። ከአፍሪካ በዚህ የ2 ዓመት ዝርዝር ውስጥ ያለችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ብቻ ናት፤ የስፔን ቅኝ ግዛት ነበረች።

የሚቆጠረው ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁበት ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በተማሪ ፈቃድ አራት ዓመት ብትቀመጡ ያ አይቆጠርም፤ ሕጉ «ቆይታ» ይለዋል እንጂ «መኖሪያ» አይለውም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ቀይ ካርድ ይዛችሁ የጠበቃችሁበትም እንዲሁ። ዓመቶቹ ደግሞ ሳይቆራረጡ እስከ ማመልከቻው ቀን መድረስ አለባቸው። ፈቃዱን ሳያሳድስ ወራት ያሳለፈ ሰው መሀል ላይ ክፍተት ፈጠረ ማለት ነው። ለዕረፍት አገር ቤት ደርሶ መመለስ ችግር የለውም፤ ረጅም ጊዜ መጥፋት ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ሁለቱ ፈተናዎች

ከ2015 ጀምሮ ሁለት ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ሁለቱም የኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ ናቸው፣ የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም ነው። አንደኛው የቋንቋ ነው፣ «ዴሌ አ ዶስ» (DELE A2) ይባላል። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥና መናገር አለው። ማንበብና መጻፍ አንድ ላይ ከ50 ይታረማሉ፣ ማዳመጥና መናገር አንድ ላይ ከ50። ከሁለቱም 30፣ 30 ማምጣት አለባችሁ። አንዱ ላይ ጎብዛችሁ ሌላውን ማካካስ አይቻልም።

ሁለተኛው «ሴ ሴ ኤሴ ኤ» (CCSE) ነው፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ አስተዳደሩና ስለ ባህሉ ይጠይቃል። 25 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ 15 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ከኦገስትና ከዲሴምበር በቀር በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ ይሰጣል። ክፍያው 85 ዩሮ ሲሆን፣ ከወደቃችሁ በዚያው ክፍያ አንዴ ትደግማላችሁ። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ተቋሙ ራሱ ከነመልሱ በነጻ ከሚያወጣው የ300 ጥያቄዎች መጽሐፍ ነው። እንደ መንጃ ፈቃድ ጥያቄ ሸምድዱት፣ አትፍሩት። የየዓመቱን አዲስ እትም ግን ያዙ።

የቋንቋው ውጤት ጊዜ አያልፍበትም። የሌላኛው ግን 4 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ቋንቋውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ከፈተናዎቹ ነጻ እንዲሆኑ የፍትሕ ሚኒስቴሩን መጠየቅ ይችላሉ። ለእናቶቻችን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙዎች ግን አያውቁትም።

ከአገር ቤት የሚመጣው ወረቀት

ሁለት ዋና ነገር ይፈለጋል፦ የልደት ሰርተፍኬትና ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ። ሁለቱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣሉ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ባለው የስፔን ኤምባሲ። ከዚያ እዚህ ስፔን ውስጥ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው መሐላ ያለበት ተርጓሚ ወደ ስፓኒሽ ይመልሳቸዋል። ወረቀቱ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ካለው ሥራው ይቀላል፤ የእንግሊዝኛ ተርጓሚ በየከተማው አለ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የፖሊሱ ማስረጃ በጥቂት ወራት ያረጃል። መጀመሪያ እሱን ካወጣችሁ ፈተናውን ስትጠብቁ ይቃጠልባችኋል። ልደቱን አስቀድሙ፣ ፈተናውን እለፉ፣ ፖሊሱን መጨረሻ ላይ አስወጡ። አገር ቤት የሚሯሯጥላችሁ ሰው ካለ ውክልናውን አስቀድማችሁ ላኩ።

አሁን ወደ ቀኑ። ጥር 15 ቀን 1982 የተወለደች ሴት እንውሰድ። ፓስፖርቷ ላይ ጃንዋሪ 23 ቀን 1990 ይላል። የድሮው የቀበሌ ወረቀት 15/5/1982 ይላል። ስለ እኛ አቆጣጠር ያልሰማ ተርጓሚ ሜይ 15 ቀን 1982 ብሎ ያሰፍረዋል። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ ፊት ሁለት ሴቶች ቀረቡ ማለት ነው። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበት አዲስ ሰርተፍኬት ማውጣት በኋላ ከማስረዳት ይሻላል።

ስሙም እንዲሁ። በላቲን ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ የተጻፈ ስም ሌላ ሰው ይሆናል። ስፔኖች ደግሞ ሁለት የቤተሰብ ስም ነው የሚያውቁት፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። የእኛ የአባትና የአያት ስም ሁለቱም ከአባት ወገን ስለሆነ ግራ ይገባቸዋል። የእናታችሁ ሙሉ ስም ልደቱ ላይ በትክክል መኖሩን እዩ፤ መጨረሻ ላይ የቤተሰብ ስማችሁ በስፔን ሲመዘገብ ይመጣል።

ማስገባት

በኢንተርኔት በፍትሕ ሚኒስቴሩ ገጽ ይገባል። ለዚህ ዲጂታል ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፣ በኢንተርኔት ማንነታችሁን የሚያረጋግጥ ፋይል ማለት ነው። የሚሰጠው የአገሪቱን ሳንቲም የሚያትመው መሥሪያ ቤት ነው፣ አትገረሙ። ጥያቄውን ባቀረባችሁበት ኮምፒውተር ራሱ ማውረድ አለባችሁ፤ በጓደኛ ላፕቶፕ ጀምራችሁ በሌላ ልትጨርሱ ብትሉ አይሆንም።

አብረው የሚገቡት የመኖሪያ ካርድ፣ የነዋሪነት ምዝገባ (ፓድሮን)፣ የፈተና ውጤቶች፣ ካላችሁ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ እና ከ100 ዩሮ ትንሽ ከፍ የሚለው ክፍያ ደረሰኝ ናቸው። ፓስፖርቱን ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን አድርጉ፣ ባዶ ገጾቹንም።

መጠበቅ

ሕጉ ለውሳኔ አንድ ዓመት ይሰጣል። ዓመቱ አልፎ ዝም ካሉ እንደ እምቢታ ይቆጠራል፤ ያኔ በጠበቃ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ፋይላችሁ የት እንደደረሰ የሚታይበት ገጽ ስሙ «ኮሞ ባ ሎ ሚዮ» ነው፣ «የእኔ ነገር እንዴት እየሆነ ነው» እንደማለት። ገጹን በቀን አሥር ጊዜ መክፈት ምንም አያፋጥንም። መልእክት ሳጥናችሁን ግን እዩ። የጎደለ ወረቀት አምጡ የሚል ማስታወቂያ በኢንተርኔት ተልኮ 10 ቀን ሳይከፈት ከቆየ እንደደረሳችሁ ይቆጠራል፣ የማቅረቢያው ጊዜም መሮጥ ይጀምራል።

ከተፈቀደ በኋላ

180 ቀን አላችሁ። በዚያ ውስጥ ለንጉሡ ታማኝ፣ ለሕገ መንግሥቱና ለሕጎቹ ታዛዥ እንደምትሆኑ መማል ወይም ቃል መግባት አለባችሁ። ካለፈ ፈቃዱ ይወድቃል። ትልልቅ ከተሞች ላይ ቀጠሮ ሊያስቸግር ስለሚችል በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ ከፍላችሁ ኖታሪዮ (ውል አዋዋይ) ፊት መማልም ይቻላል። የቤተሰብ ስማችሁ እንደነበረ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ የምትናገሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ኢትዮጵያዊ እዚሁ ላይ የቀድሞ ዜግነቱን መተዉን ይናገራል። በእኛም በኩል የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ያለቪዛ ለመግባትና ለመሥራት የሚያገለግለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፣ ቢጫ ካርድ የምንለው። መምረጥ ግን አይቻልም። ከመማላችሁ በፊት ቤተሰብ ውስጥ ተነጋገሩበት።

ቀጥሎ ስማችሁ በሲቪል መዝገብ ይገባል፣ የስፔን ልደት ሰርተፍኬት ይወጣል፣ በእሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መታወቂያና ፓስፖርት ትወስዳላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ለእሱ 10 ዓመት መቁጠር የለም፤ ወላጁ ስፔናዊ ስለሆነ በምርጫ የመውሰድ መብት አለው። መዝገብ ቤቱ ስትሄዱ የልጁንም ልደት፣ ተረጋግጦና ተተርጉሞ፣ ይዛችሁ ሂዱ።