ብሊትዝ ላይ ለምን ትሸነፋላችሁ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኦንላይን ፈጣን ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎች ስለ ስታይላቸው ሲጠየቁ "እኔ አጥቂ ነኝ" ወይም "እኔ መከላከል ነው የምወደው" ይላሉ። ብሊትዝ (ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሰጥበት ፈጣን ቼዝ) ላይ ግን እውነተኛውን ስታይል የሚናገረው ሰዓቱ ነው። የት ቆማችሁ እንዳሰባችሁና የት ሳታዩ እንደነካችሁ እዚያ ላይ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ምንም ነገር ለማስተካከል ከመነሳታችሁ በፊት የቅርብ ጊዜ ሽንፈቶቻችሁን ክፈቱ። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ከጨዋታ በኋላ በሚከፈተው የትንተና ገጽ እያንዳንዱ እርምጃ የወሰደውን ጊዜ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ። ጨዋታው የተበላሸው የትኛው እርምጃ ላይ ነው? በዚያ ሰዓት ስንት ሰከንድ ቀርቷችሁ ነበር? አሥር ያህል ሽንፈት ስታዩ የራሳችሁ ችግር ራሱ ይወጣል። ከዚያ ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉ።

ከታች ያሉት ምሳሌዎች በ3 ደቂቃ ጨዋታ የተሠሩ ናቸው።

ምልክት፦ ጨዋታው የእናንተ ነው፣ ሰዓቱ ግን ቀድሞ ያልቃል

ሁለት ወታደር በልጣችኋል። ንጉሣችሁ ሰላም ነው። ተጋጣሚው 40 ሰከንድ አለው፣ እናንተ 9። የተሸነፈው ሰው በሰዓት ያሸንፋችኋል።

ብዙ ሰው ምክንያቱ የእጁ መዘግየት ይመስለዋል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። ጨዋታው 40 እርምጃ ከሄደ ለአንዱ የሚደርሰው 4 ሰከንድ ተኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ 30 ሰከንድ ከቆያችሁ የሰባት እርምጃ ያህል ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ግራፉን ስታዩ እንዲህ ያሉት ረጃጅም ዘንጎች ብዙ ጊዜ መክፈቻው እንዳለቀ፣ ጨዋታው ገና ሳይካረር ይታያሉ። እዚያ ምን እያሰባችሁ እንደነበር አስታውሱ። ሩኩን ዲ መስመር ላይ ላድርገው ወይስ ኢ ላይ? ሁለቱም ደህና ናቸው። ሰዓታችሁ ያለቀው ከሁለት ጥሩ ነገር አንዱን በመምረጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ደህና እርምጃ ካያችሁ ቀድማ የታየቻችሁን ተጫውታችሁ እለፉ። ረጅም ሐሳብ የሚገባው መመለሻ የሌለው ውሳኔ ነው፦ ጠጠር መሠዋት፣ ንግሥት በንግሥት መለዋወጥ፣ በንጉሣችሁ ፊት ያለውን ወታደር መግፋት። እንደ መለኪያ 15ኛው እርምጃ ላይ 2 ደቂቃ ገደማ ይኑራችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ መክፈቻችሁ ላይ ነው።

የመክፈቻ ነገር ከተነሳ ጠባብ ይሁን። ነጭ ስትሆኑ አንድ፣ ጥቁር ስትሆኑ ነጩ በኢ4 ሲጀምር አንድ፣ በዲ4 ሲጀምር አንድ። ዛሬ ይሄን፣ ነገ ያንን መሞከር በረጅም ጨዋታ ደስ ይላል፤ ብሊትዝ ላይ ግን ሰዓት ይጨርሳል። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1970 በሄርሴግ ኖቪ (ዩጎዝላቪያ) የብሊትዝ ውድድር ከ22 ጨዋታ 19 ነጥብ ሰብስቦ ሁለተኛ የወጣውን የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሚካኤል ታልን በ4 ነጥብ ተኩል በልጧል። ፊሸር የሚታወቀው በጠባብ የመክፈቻ ምርጫው ነበር። በነጭ ኢ4፣ በጥቁር ናይዶርፍ ሲሲሊያንና ኪንግስ ኢንዲያን። እኔ እንደማምነው ፍጥነቱ የመጣው ከእጁ ሳይሆን የሚደርስባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ከማወቁ ነው።

ሌላው ደግሞ የጨዋታውን ዓይነት መቀየር ነው። 3+0 (3 ደቂቃ ያለ ጭማሪ) ትታችሁ 3+2 ተጫወቱ። በየእርምጃው 2 ሰከንድ ሲጨመር በ40 እርምጃ 80 ሰከንድ ታገኛላችሁ። የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮናም የሚካሄደው በ3+2 ነው። በየእርምጃው ጊዜ የሚጨምረውን ሰዓት የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ራሱ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ከስፓስኪ ጋር ሲገናኝም በዚያው ተጫውቷል። መሻሻል ለሚፈልግ ሰው 3+0ን አልመክርም። ያሸነፋችሁትን ጨዋታ እስከ መጨረሻው መጨረስ የምትለማመዱት ጭማሪ ሲኖር ነው።

ምልክት፦ ሰዓት ተርፎ ጠጠር ማስበላት

ይህ የተገላቢጦሹ ነው። 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቀርቷችሁ ፈረስ በነጻ ታስበላላችሁ። በፍጥነት የሚኮራ ተጫዋች ሁሉ ያውቀዋል።

ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። ያንኑ ቦታ እንደ ፐዝል ቢያቀርቡላችሁ ወዲያው ታዩታላችሁ። ችግሩ ተጋጣሚው ሲያስብ የወጠናችሁትን እሱ ከተጫወተ በኋላም ሳትለውጡ መጫወታችሁ ነው። እሱ ቢሾፑን አንቀሳቅሷል፤ እናንተ ግን ያያችሁት ከቢሾፑ በፊት የነበረውን ሰሌዳ ነው።

መፍትሄው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ይቺ እርምጃ ምን ለወጠች?" የተነካው ጠጠር አሁን የሚያየውን፣ የለቀቀውን ቦታና የከፈተውን መስመር በዓይናችሁ ተከተሉ። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ላይ ያዘገያችኋል፣ ሬቲንጋችሁም (ድረ ገጹ የሚሰጣችሁ የችሎታ ነጥብ) ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ታገሡት። ልማድ ሲሆን ጊዜ መውሰዱን ያቆማል።

ፕሪሙቭ (ተጋጣሚው ገና ሳይጫወት የራስን ቀጣይ እርምጃ አስቀድሞ ማስገባት) የዚሁ በሽታ የከፋ መልክ ነው። ሊቼስ ላይ ፕሪሙቭ ምንም ጊዜ አይወስድም፤ ቼስ ዶት ኮም ላይ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይቆረጣል። ስለዚህ ያጓጓል። ግን ይህን ተመልከቱ። ጥቁር ናችሁ፣ ነጩ ምንም ይጫወት ምን ወታደራችሁን ወደ ጂ6፣ ቀጥሎ ቢሾፓችሁን ወደ ጂ7 በፕሪሙቭ ትልካላችሁ። ልማዳችሁን ያወቀ ተጋጣሚ ዲ4 ከተጫወተ በኋላ ቢሾፑን ኤች6 ላይ ያስቀምጣል። ዓይናችሁ ሰሌዳው ላይ ቢሆን ያንን ቢሾፕ በነጻ በበላችሁት ነበር። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ጂ7 ብላችኋል። ቢሾፓችሁ ይበላል፣ ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለው ሩክም ይከተለዋል።

ፕሪሙቭ የሚገባው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ጠጠራችሁን ከበላ መልሳችሁ የምትበሉበት። ባይበላ ፕሪሙቩ ራሱ ስለሚሰረዝ ብዙ ጊዜ አትጎዱም። ሁለተኛው፣ ተጋጣሚው ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ሲኖር ነው።

ምልክት፦ ጥቃቱ ይፋፋማል፣ ከዚያ ይበርዳል

ኤች7 ላይ ቢሾፕ ትሠዋላችሁ፣ ቼክ፣ ቼክ፣ ሌላ ቼክ፣ ከዚያ ጸጥታ። ጠጠር ጎድላችኋል፣ የቀረ ጥቃት የለም።

ጥቃት መውደዳችሁ ጥፋት አይደለም፤ ይህን ስታይል ተዉ የሚሏችሁንም አትስሟቸው። በትንሽ ሰዓት ከማጥቃት መከላከል ይከብዳል። አጥቂው ቢሳሳት ጥቃቱ ይቆማል፣ ተከላካዩ ቢሳሳት ግን ማት ይሆናል። ችግሩ ከመሥዋዕት በፊት አለመቁጠር ነው። በተጋጣሚው ንጉሥ ዙሪያ ስንት ጠጠር አላችሁ? እሱስ ለመከላከል ስንት ሊያመጣ ይችላል? እኔ በሦስት አጥቂ ነው የማምነው። ንግሥትና ፈረስ ብቻቸውን ብዙ ጊዜ አይበቁም።

የኤች7ን መሥዋዕት ደግሞ ለብቻው አጥኑት፣ ደጋግሞ ስለሚመጣ። ቢሾፑ በላ፣ ንጉሡ መልሶ በላ፣ ፈረሳችሁ ወደ ጂ5 ወጣ፣ ንግሥታችሁ ወደ ኤች5 ተከተለች። ይህ እንዲሠራ የሚፈተሹት ጥቂት ናቸው። ኤፍ6 ላይ ኤች7ን የሚጠብቅ ፈረስ አለ? ጂ5 ላይ የሚደርሰውን ፈረሳችሁን በንግሥቱ ወይም በቢሾፑ በነጻ መብላት ይችላል? ቢሾፑን አምጥቶ ወደ ኤች7 የሚወስደውን ዲያጎናል መያዝስ ይችላል? ንጉሡ ወደ ጂ6 ቢወጣ ምን አላችሁ? እነዚህን በቤታችሁ በዝግታ የሠራ ሰው ጨዋታ ላይ በ5 ሰከንድ ይመልሳቸዋል።

ምልክት፦ ያለቀ ጨዋታ መጨረስ አለመቻል

በንግሥት ስቴልሜት ማድረግ (ተጋጣሚው ቼክ ሳይባል መንቀሳቀሻ አጥቶ ጨዋታው አቻ ሲሆን)፣ በሩክ እየዞሩ ሰዓት መጨረስ። ይህን ማስተካከል ከሁሉም ይቀላል። ንጉሥና ንግሥት በብቸኛ ንጉሥ ላይ ከየትኛውም ቦታ ቢጀምሩ ቢበዛ በ10 እርምጃ ማት ያደርጋሉ፤ ንጉሥና ሩክ ቢበዛ በ16። ከኮምፒውተር ጋር ሰዓት አስይዛችሁ ተለማመዱ፦ ንግሥቷን በ15 ሰከንድ፣ ሩኩን በ30። ሩኩ መስመር ይዘጋል፣ ንጉሣችሁ ይቀርባል፣ ሩኩ እንደገና ይዘጋል። እጃችሁ ሳይጠይቃችሁ እስኪሠራው ድረስ።

አንድ ደንብም አትርሱ። ሰዓታችሁ ቢያልቅና ተጋጣሚው ንጉሥ ብቻ ቢኖረው ውጤቱ አቻ ነው። ስለዚህ ማት እንደማትደርሱ ካያችሁ የቀረችውን ወታደሩን ፈልጋችሁ ብሉ። ግማሽ ነጥብ ታተርፋላችሁ።

ምልክት፦ ሬቲንግ በአንድ ማታ ይናዳል

ይህ እልህ ነው። አንዱን ትሸነፋላችሁ፣ "ይቺን ብቻ መልሼ" ብላችሁ ወዲያው አዲስ ትከፍታላችሁ፣ እጃችሁ ይፈጥናል፣ ዓይናችሁ ይደክማል። ቅድም ያልኳት "ምን ለወጠች?" የምትለዋ ጥያቄ መጀመሪያ የምትጠፋው በዚህ ሰዓት ነው።

ደንብ ካልተቀመጠ እዚያው ላይ ሆኖ መወሰን አይቻልም። ሁለት ተከታታይ ሽንፈት፣ ከዚያ ገጹን መዝጋት። ቻቱንም ዝጉት። ሊቼስ ላይ ዜን ሞድ የሚባለው አማራጭ የተጋጣሚን ሬቲንግ ይደብቃል፤ ቁጥር አይቶ ለሚፈራ ወይም ለሚንቅ ሰው በጣም ይረዳል። በአንዱ ድረ ገጽ ያላችሁን ሬቲንግ ከሌላው ጋር እያነጻጸራችሁም አትጨነቁ። ተጫዋቾቹም አቆጣጠሩም ስለሚለያዩ ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም።

ምልክት፦ ጣት ይስታል

ስልክ ላይ ጠጠሩን ከመጎተት መንካትና መድረሻውን መንካት ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ሞክሩና አንዱን ያዙ። ወታደር ሲደርስ ራሱ ንግሥት እንዲሆን የሚያደርገውን አማራጭ አብሩት። ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ቡሌት (ከብሊትዝም የሚፈጥነውን የ1 ወይም 2 ደቂቃ ጨዋታ) አትጫወቱ።

ምልክት፦ ብዙ ይጫወታል፣ ሬቲንግ አይነቃነቅም

ብሊትዝ የምታውቁትን ያፈጥናል እንጂ አዲስ ነገር ብዙም አያስተምርም። የተሳሳተውንም አብሮ ያፈጥነዋል። እዚህ ላይ መፍትሄው ዝግታ ነው። በሳምንት ጥቂት የ15+10 ጨዋታ አስገቡ። ፐዝል ስትሠሩ ደግሞ የፍጥነቱን ዓይነት ብቻ አትሥሩ። መልሱን እስከ መጨረሻው በጭንቅላታችሁ ሳታዩ ጠጠር አትንኩ።

ከሽንፈት በኋላ ኢንጂኑን (ጨዋታውን የሚመረምረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም) ወዲያው አትክፈቱ። መጀመሪያ ራሳችሁ የት እንደተበላሸ ገምቱ፣ ከዚያ አነጻጽሩ። ከመክፈቻው የወጣችሁበትን እርምጃ ፈልጉና ለዚያች ቦታ አንድ መልስ ያዙላት። በየጨዋታው አንድ ብቻ። ሊቼስ ላይ የመክፈቻ ማሰሻው የራሳችሁን ጨዋታዎች ብቻ ለይቶ ማሳየት ይችላል። በየትኛው መስመር ብዙ እንደምትሸነፉ እዚያ ታያላችሁ። ያሸነፋችኋቸውንም ክፈቷቸው። ቦታው ተሸንፎ ሳለ በተጋጣሚ ሰዓት ማለቅ ብቻ ያሸነፋችሁትን ከሽንፈቶቻችሁ ጋር ቁጠሩት፤ መክፈቻ ስታስተካክሉም እነሱንም ጨምሩ።