ሟችን በአበባ ኅትመት ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእናቴ አርባ ከወጣ በኋላ፣ ባሕር ዳር ካለው ጓሮዋ የቀጠፍኩትን ጤና አዳም በፀሐይ ወረቀት ላይ አተምኩ። ዘዴው ሳይኖታይፕ ይባላል፤ ካሜራ አያስፈልገውም። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ የሚባሉ ሁለት ኬሚካሎች በውኃ ተበጥብጠው ወረቀት ላይ ይቀባሉ፣ ጨለማ ውስጥ ይደርቃሉ፣ ከዚያ አበባ ይጋደምባቸዋል። ፀሐይ ያገኘው ሲታጠብ ሰማያዊ ይሆናል፣ አበባው የሸፈነው ነጭ ይቀራል።

እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ዘዴ ነው። የአገሩ ልጅ አና አትኪንስ ዕፅዋትን እያተመች አስፋፋችው። እ.ኤ.አ. በ1852 አባቷ ሲሞቱባት፣ እንደ እህት አብራት ያደገችው አን ዲክሰን መጥታ አብራት ከረመች፤ ሁለቱም ተቀምጠው ፈርን የሚባለውን አበባ የማያወጣ ተክል ያትሙ ነበር። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም የሚለውን የኛን ወግ እዚያም አገኘሁት።

የመጀመሪያው ስህተት ለዓይን የሚያምረውን አበባ መምረጥ ነው። እኔም በጽጌረዳ ጀምሬ ነበር። ወፍራም ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ድቡልቡል ነገር ብቻ ሆነ። ደግሞስ እናቴ መቼ ጽጌረዳ ተክላ ታውቃለች? የእሷ ጤና አዳም ነበር፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ቀንጥባ ሲኒ ውስጥ ጣል የምታደርገው። ያቺ ትንሽ ቢጫ አበባ ጠጋ ብለው ሲያይዋት የቅጠሎቿ ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተዘረዘረ ነው። ሲታተም ያ ዘርፍ አንድ በአንድ ወጣ። ሃያ ዓመት ስጠጣው ኖሬ ያንን ዘርፍ አይቼው አላውቅም ነበር። ሟቹ በእጁ የነካውን ተክል ይፈልጉ። ጤና አዳም ከሆነ ግን እጅዎን ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ አይውጡ፤ ጭማቂው ከፀሐይ ጋር ቆዳ ያቃጥላል።

እርጥብ አበባ መጠቀም ሌላው ነው። ውኃው ቅቡን ያበላሸዋል። ጋዜጣ መካከል አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ በክረምት ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ። ይህ ለሐዘንተኛም ይመቻል፤ አበባውን በለቅሶው ሰሞን አድርቆ፣ ልብ ሲረጋ ማተም ይቻላል።

ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆይ ለሚለው ሌላ አገር የተጻፈውን አይከተሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐይዋ ትበረታለች። የተቀባ ቁራጭ ወረቀት ፀሐይ ላይ አድርገው፣ በየሁለት ደቂቃው ከፊሉን እየሸፈኑ ይሞክሩ። አበባውን በመስታወት ይጫኑ፣ ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ነፋስ እንዳይወስደው።

ለመበጥበጫ የምግብ ዕቃ አይጠቀሙ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ፌሪሲያናይዱን ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ መርዛም ጋዝ ሊወጣው ይችላል። በሳሙና ማጠብም ሰማያዊውን ያጠፋዋል። ቢጫው ቅብ እስኪለቅ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ሲታጠብ የደበዘዘ መስሎዎት አይጣሉት። አየር ባገኘ በአንድ ቀን ውስጥ እየጠቆረ ይመጣል። ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይም አይስቀሉት፣ ይደበዝዛል። የእናቴ ኅትመት መስኮት ፊት ሰንብቶ ገርጥቶ ነበር፤ ቁምሳጥን ውስጥ ጥቂት ሳምንት ባስቀምጠው ቀለሙ ተመለሰ።

የመጨረሻውን ስህተት የሠራሁት በጎረቤቴ ላይ ነው። ባሏን ቀብራ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ አትሜ ወሰድኩላት። ቀና ብላም አላየችው። ያን ጊዜ የሚፈለገው አብሮ መቀመጥ ብቻ ነበር። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን ራሷ በሬን አንኳኳች። ባሏ ዘጌ ከተከለው ቡና ነጭ አበባ ቀጥፋ፣ አድርቃ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ወረቀቱን እኔ ያዝኩላት፤ አበባውን ደርድራ መስታወቱን የጫነችው እሷ ናት።