የመረጣችሁትን ሰው ደጅ እንዴት ታንኳኳላችሁ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን መንገድ መብራት ጠፍቶ ወራት አለፉ። ስንከራተት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን ምን ሥልጣን እንዳለው ለዩ። የፓርላማ አባል አምፖል አያስቀይርም፤ ሕግ ያወጣል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። የሰፈር ጉዳይ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት አባላት ጋ ነው። እኔ ሞኙ የአንድ ኃላፊ ደጅ ስጠና ከረምኩ። ኃላፊው የሚፈራው የሾመውን እንጂ እኔን አይደለም።

ከዚያ ጻፉ። በቃል የተነገረ እዚያው ይቀራል። እኛ 41 ፊርማ አሰባሰብን። ግማሹን ያስፈረመችው ኮሪደር ላይ ቡና የምታፈላው ጎረቤቴ ናት፤ ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ወረቀቱን ታቀርባለች። መዝገብ ቤት ስትገቡ ደግሞ ኮፒው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ!

ተወካያችሁ ድምፁን ካጠፋ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ጥቀሱ። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ስለተወው መንገዱ ቀላል አይደለም። ግን አንቀጹን ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ስንጨምር በሳምንቱ ስልክ ተደወለልን።

መብራቱ? ከአራቱ ሁለቱ በርተዋል። ሦስተኛውን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።