የኦቶማን የሰፈር መስጊድ አጎበኛኘት፦ ከጎንደር ወደ ኢስታንቡል ለሚሄዱ

የጎንደር ሰው ለጉልላት እንግዳ አይደለም፤ የአፄ ፋሲል ግንብ አራቱ የማዕዘን ማማዎች ጉልላት ደፍተው ይታያሉና። በዚያ ግን ክብ ጉልላት ያረፈው በክብ ማማ ላይ ስለሆነ ግንበኛው ብዙም አልተቸገረም። የኦቶማን ግንበኞች በአራት ማዕዘን ክፍል ላይ ክብ ጉልላት መድፋት ነበረባቸው። ስለዚህ ጫማዎን አውልቀው እንደገቡ ከምንጣፉና ከጌጡ በፊት ግድግዳዎቹ ከላይ የሚገናኙባቸውን ጥጎች ይመልከቱ፤ አራት ማዕዘኑ ወደ ክብ የሚለወጠው እዚያ ነውና።

ለመጀመሪያ ጉብኝት የምመርጠው በሱልጣን አሕመድ አደባባይ አጠገብ የሚገኘውን የፊሩዝ አጋ መስጊድ ነው። የሱልጣን ዳግማዊ ባየዚድ በጅሮንድ የነበረው ፊሩዝ አጋ እ.ኤ.አ. በ1491 ያሠራው ይህ መስጊድ አንድ ክፍል፣ አንድ ጉልላትና በቅስቶች የተከፈለ በረንዳ ብቻ ስላለው የሚያደናግር ነገር የለበትም። ጉልላት ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይገፋል፤ የሚያግዙት ግማሽ ጉልላቶችና ዓምዶች በሌሉበት ግፊቱን የሚችለው ግድግዳው ብቻ ነው። የመስኮቱን ጥልቀት በክንድዎ ቢለኩ ግድግዳው ለምን እንደወፈረ ይገባዎታል።

ሚናራ፣ ማለትም አዛን የሚባልበት ማማ፣ እንደ ልማዱ በመግቢያው ቀኝ ይቆማል፤ የፊሩዝ አጋ ግን በግራ ነው። ከአንድ በላይ ሚናራ ማቆም ለሱልጣኑ ቤተሰብ የተተወ ክብር ነበር። ሚህራቡ፣ ማለትም የመካን አቅጣጫ የሚያሳየው በግድግዳው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመለክታል፤ መካ ከጎንደር በሰሜን በኩል ስለሆነች በጎንደር የሙስሊሞች ሰፈር በአዲስ ዓለም ያለ ሰጋጅ የለመደው አቅጣጫ ሌላ ነው። ሚንበር (ኢማሙ የጁምዓ ስብከት የሚያሰማበት ባለ ደረጃ መድረክ) የሌለው አነስተኛ መስጊድ ካጋጠመዎ ለዕለት ሶላት እንጂ ለጁምዓ ያልታሰበ ነበር ማለት ነው።

ከበር በላይ የሂጅራ (የእስልምና ዘመን አቆጣጠር) ዓመት የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩን በ0.97 አባዝተው 614 ይደምሩ፤ 896 ሂጅራ ወደ 1483 ዓ.ም. ይጠጋል። ስሌቱ የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

አዲስ ዓለም ያደገው በአፄ ቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከታዘዘ በኋላ ነው። በኢስታንቡል ግን ኦቶማኖች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1453 ከያዙ በኋላ ብዙ ሰፈሮች የተሰባሰቡት በመስጊድ ዙሪያ ሲሆን፣ ስማቸውንም ከአሠሪው ወርሰዋል። አሠሪው የሱቅ ወይም የመሬት ገቢ በወቅፍ፣ ማለትም ለበጎ ሥራ በቋሚነት በሚሰጥ ሀብት፣ ይመድብና የኢማሙ ደመወዝና የመብራት ዘይት ከዚያ ይሸፈን ነበር። ስለዚህ ሲወጡ የአሠሪውን መቃብር በግቢው ይፈልጉ፤ የፊሩዝ አጋ የእብነ በረድ መቃብር ከመስጊዱ ጎን ይገኛል።